ፍሬዛና ቁጥር፦ ብረት የመቁረጥ ሐሳብ ታሪክ በሊትልተን

ብረትን በብረት መቁረጥ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ጥበበ እድ ነው፤ ነገር ግን መቁረጫው በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ይዙር፣ የሚቆረጠውስ ብረት በምን ያህል ልክ ወደ መቁረጫው ይጠጋ የሚለው ጥያቄ በቁጥር ተመልሶ በመጽሐፍ ላይ በሙሉ ከሰፈረ ገና መቶ ሃያ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ከዚያ በፊት መልሱ በባለሙያው ጆሮ፣ በዐይኑና በጣቱ ውስጥ ተሰውሮ ይኖር ነበር፤ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ እያሳየ ያወርሰው፣ ደቀ መዝሙር ሳያፈራ የሞተ እንደ ሆነም ዕውቀቱ አብሮት ወደ መቃብር ይወርድ ነበር። ይህ የተሰወረ ዕውቀት እንዴት ቁጥር እንደ ሆነ፣ ቁጥሩም በኋላ ዘመን በኮምፒዩተር ለሚታዘዝ ፍሬዛ እንዴት ትእዛዝ እንደ ሆነለት መመርመር፣ ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገርበትን መንገድ መመርመር ነውና፣ ከአንድ ሙያ ታሪክ የሰፋ ቁም ነገር አለበት።

ለዚህ ምርመራ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር በስተ ደቡብ በሳውዝ ፕላት ወንዝ ዳር የተቀመጠችው ሊትልተን የተመቸች ስፍራ ናት። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የሮኪ ተራሮችን ወደ ምዕራብ እየተመለከተች የተቆረቆረች ስትሆን፣ በመቶ ስድሳ ዓመት ውስጥ የእህል ወፍጮን፣ የማዕድን መሰርሰሪያን፣ የጭነት መኪናን፣ በመጨረሻም ወደ ጠፈር የሚወነጨፍ ሮኬትን በየተራ ያየች፣ ስለዚህም የብረት ሥራ ያለፈባቸው ዘመናት በአንድ ስፍራ ተደርድረው የሚነበቡባት ናት። በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን በአጠገቧ ሲያልፉ ጸጥ ያለ የመኖሪያ ከተማ ሆና ትታያቸዋለች፤ ታሪኳ ግን ለተግባረ እድ ወዳጅ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፏል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። ቶርኖ ብረቱን አዙሮ መቁረጫውን ሳያዞር ሲያስጠጋ፣ ፍሬዛ ግን ብዙ ጥርስ ያለውን መቁረጫ እያዞረ በሞርሳ የተያዘውን ብረት እየፋቀ ቅርጽ የሚሰጥ መኪና ነው። ፍሬዛ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይወስናል። መጀመሪያው የመቁረጥ ፍጥነት ነው፤ ይህም የመቁረጫው ጥርስ ጫፍ በብረቱ ላይ በአንድ ደቂቃ የሚሮጠው የሜትር ብዛት ነው። ሁለተኛው ሠራተኞች ፊድ የሚሉት፣ ብረቱ ወደ መቁረጫው የሚጠጋበት ልክ ነው፤ ይህም የሚነሣው አንዱ ጥርስ በአንድ ዙር ከሚወስደው የፍቅፋቂ ውፍረት ነው። የዙሩን ብዛት ለማግኘት የመቁረጥ ፍጥነቱን በ1,000 አባዝቶ፣ የመቁረጫውን ዲያሜትር በ3.14 አባዝቶ ለሚገኘው ማካፈል ነው፤ ፊዱን ለማግኘት ደግሞ የዙሩን ብዛት በጥርሶቹ ቁጥር፣ የተገኘውንም አንዱ ጥርስ በሚወስደው ልክ ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል 12 ሚሊሜትር ዲያሜትርና አራት ጥርስ ያለው የሃይስፒድ ስቲል መቁረጫ ለስላሳ ብረትን በደቂቃ 25 ሜትር ሲቆርጥ ዙሩ በደቂቃ 663 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጥርስ 0.05 ሚሊሜትር የሚወስድ ከሆነም ብረቱ በደቂቃ 133 ሚሊሜትር ያህል ይጠጋል።

ሁለቱ ቁጥሮች ተነጣጥለው አይታዩም፤ ማነሳቸውም እንደ መብዛታቸው ጉዳት ያመጣል። በአገራችን በድንጋይ ወፍጮ የምትፈጭ ሴት እህሉን ከመጁ ሥር በልክ ትመግባለች፤ ያበዛች እንደ ሆነ ዱቄቱ ይሻክራል፣ ክንዷም ይዝላል፤ ያሳነሰች እንደ ሆነ ደግሞ ድንጋይ ድንጋይን ይፍቃል፣ ዱቄቱም አሸዋ አሸዋ ይላል። ፍሬዛም እንዲሁ ነው፤ ፊዱ ሲበዛ ጥርሱ ይሰበራል፣ ሲያንስ ግን ጥርሱ ሳይቆርጥ በብረቱ ላይ ይታሻል፤ በመታሸቱም ይግላል፣ የብረቱንም ገጽ ያጠነክራል፣ ስለቱም ሳይሠራ ያልቃል። ጀማሪ ሠራተኛ መቁረጫውን እንዳይሰብር ፈርቶ ፊዱን እጅግ ሲያሳንስ፣ ያንኑ የፈራለትን መቁረጫ በገዛ እጁ እንደሚያጠፋው የሚረዳው ብዙ መቁረጫ ካለቀ በኋላ ነው።

ሊትልተንን የቆረቆረው ሪቻርድ ሊትል የኒው ሃምፕሻየር ተወላጅ የሆነ መሐንዲስ ነበር። የወርቅ ወሬ የሰማው ሕዝብ ወደ ኮሎራዶ በጎረፈበት በ1860 ገደማ፣ እርሱ የውኃ ቦይ ሊቀይስ መጥቶ በወንዙ ዳር መሬት ይዞ ቀረ። በ1867 ራፍ ኤንድ ሬዲ የተባለው የዱቄት ወፍጮ በእርሱና በባልንጀሮቹ ተቋቋመ፤ በ1872 ሊትል መንደሩን በጎዳና ከፋፍሎ ቀየሰው፤ በ1890ም ሊትልተን በሕግ የታወቀች ከተማ ሆነች። በዚያው ዘመን ከምዕራብ ባሉት ተራሮች ውስጥ ወርቅና ብር የሚቆፍሩት ማዕድን ቤቶች ፓምፕ፣ መፍጫና መሰርሰሪያ ይሹ ስለ ነበር፣ ዴንቨርና አካባቢዋ ለእነርሱ የሚሠሩ የብረት ቤቶች መናኸሪያ ሆኑ።

ከእነዚህ የብረት ሠራተኞች መካከል ስሙ ለትውልድ የተረፈው ጆን ጆርጅ ሌይነር ነው። ሌይነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በታመቀ አየር ኃይል እየመታ ዐለት የሚበሳ አዲስ ዓይነት መሰርሰሪያ አወጣ፤ የመሰርሰሪያው ብረት ውስጡ ክፍት ሆኖ አየር እየነፈሰበት አቧራውን ከጉድጓዱ እንዲያስወጣ አድርጎ ነበር። ነገር ግን ያ ደቃቅ አቧራ የማዕድን ሠራተኞችን ሳንባ የሚፈጅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሌይነር በዚያው ክፍት ብረት ውስጥ ውኃ እንዲያልፍ አድርጎ አቧራውን ወደ ረጠበ ጭቃ ለወጠው። ፋብሪካውንም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ሊትልተን አዛወረ፤ ከዚያም በ1910ዎቹ ኢንገርሶል ራንድ የተባለው ትልቅ ኩባንያ የመሥራቱን መብት ወሰደ፣ መሰርሰሪያው ግን በማዕድን ሠራተኞች አፍ በፈጣሪው ስም ሲጠራ ኖረ። ይህን የመሰለ መሰርሰሪያ በደቂቃ እጅግ ብዙ ጊዜ የሚመታ መዶሻ በሲሊንደር ውስጥ ስለሚይዝ፣ አየር እንዳያመልጥ ሁለቱ ተጠጋግተው፣ እንዳይነካከሱ ደግሞ ጥቂት ተራርቀው መቆረጥ ነበረባቸው፤ ይህን ልክ ለማግኘት ብረት ቆራጩ የነበረው መሪ የገዛ ልምዱ ነበር።

የዚያ ዘመን መቁረጫ ከተራ የካርቦን ብረት የተሠራ በመሆኑ፣ ሙቀቱ ከ200 ወይም ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጥንካሬው ይከዳዋል። ስለዚህ ባለሙያው የመቁረጫው ጫፍ ወደ ገለባ ቀለም፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ያይና መኪናውን ያቀዘቅዛል፤ ድምፁ ወደ ጩኸት ሲዞር ይሰማና ፊዱን ይለውጣል፤ በመዳፉ መንቀጥቀጡን ያዳምጥና ብረቱን እንደ ገና ያጠብቃል። ከእርሱ ጎን የቆመው ሌላው ባለሙያ ያንኑ ሥራ በሌላ ፍጥነት ይሠራ፣ ሦስተኛውም በሌላ፤ ማንኛው ትክክል እንደ ሆነ ግን የሚፈርድ መስፈርት አልነበረም።

ያንን መስፈርት የፈለገው ፍሬድሪክ ዊንስሎ ቴይለር ነው። ቴይለር በፊላደልፊያ በሚድቬል የብረት ፋብሪካ በ1880 የጀመረውን ምርመራ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች እያዛወረ ሃያ ስድስት ዓመት ቀጠለበት፤ ከ360,000 ኪሎግራም በላይ ብረት ፍቅፋቂ እስኪሆን ድረስ አስቆረጠ፣ ከ30,000 የማያንሱ ሙከራዎችንም እየመዘገበ አኖረ፤ ውጤቱንም በ1906 በአሜሪካ የመካኒክ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ብረት ስለ መቁረጥ ጥበብ በተናገረው ረጅም ዲስኩር ገለጸ። በመቁረጥ ሥራ ላይ ሥልጣን ያላቸውን ነገሮች ዐሥራ ሁለት አድርጎ ቆጠረ፤ የሚቆረጠው ብረት ጥንካሬ፣ የመቁረጫው ቅመም፣ የስለቱ ቅርጽ፣ የፍቅፋቂው ውፍረት፣ የቁርጡ ጥልቀት፣ ማቀዝቀዣውና የቀሩትም በዚህ ውስጥ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካገኛቸው ነገሮች አንዱ በመቁረጫው አፍ ላይ ውኃን አብዝቶ ማፍሰስ ፍጥነቱን እስከ 40 በመቶ ለመጨመር የሚያስችል መሆኑ ነበር። ከዚያም በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ከሞንሴል ኋይት ጋር ሆኖ፣ ብረቱ ሊቀልጥ እስኪቃረብ በማሞቅ የተዘጋጀ፣ በ600 ዲግሪ ገደማም ስለቱን የማይለቅ፣ ሃይስፒድ ስቲል የተባለውን አዲስ መቁረጫ አገኘ፤ በ1900 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ይህ መቁረጫ ጫፉ ቀልቶ እያበራ ብረት ሲቆርጥ ያዩት መሐንዲሶች ተደነቁ።

ከቴይለር ግኝቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው የመቁረጫን ዕድሜ ከፍጥነት ጋር ያስተሳሰረበት ሕግ ነው። ሕጉ ፍጥነቱ በተባዛ ቁጥር የመቁረጫው ዕድሜ የሚያጥርበትን ልክ ይነግራል፤ በሃይስፒድ ስቲል ፍጥነቱ 9 በመቶ ያህል ቢጨመር የመቁረጫው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል፣ በኋላ በመጣው፣ ካርባይድ በተባለው እጅግ ጠንካራ መቁረጫ ደግሞ ዕድሜውን በግማሽ የሚቀንሰው 19 በመቶ ያህል መጨመር ነው። ዐሥራ ሁለቱን ነገሮች በአንድነት ይዞ ማስላት ግን ለሒሳብ ሊቃውንት እንኳ አስቸጋሪ ሆኖ ስለ ነበር፣ መፍትሔው የተገኘው በ1899 ቴይለርን ከተባበረው ከኖርዌይ ተወላጁ ከካርል ባርት ነው። ባርት ሒሳቡን እየተንሸራተተ መልስ በሚሰጥ ልዩ ማስሊያ ማስመሪያ ላይ አሳረፈው፤ ከዚህ በኋላ ሒሳብ ያልተማረ መካኒክም ቢሆን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ፍጥነቱንና ፊዱን ለማግኘት ቻለ።

ይህ ሁሉ ሲነገር የቴይለር ሥራ ያስከተለውን ኀዘን መሸሸግ አይገባም። ቴይለር ከብረቱ ጋር የሠራተኛውንም ጊዜ በሰዓት ለክቶ፣ ሐሳቡን ከሠራተኛው ነጥቆ ለቢሮ ሰጥቶት ነበርና፣ በ1911 በማሳቹሴትስ በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ነገሩም እስከ ሕግ መምሪያው ምክር ቤት ደርሶ ተመረመረ። ሠራተኞቹ የተቃወሙት ቁጥሩን አልነበረም፤ የተቃወሙት የራሳቸው ዕውቀት ተቀድቶ ከተወሰደ በኋላ እነርሱን ለማስቸኮል መሣሪያ መሆኑን ነው። የዕውቀት መጻፍ ጥቅም የሚሆነው ለጻፈውና ለሠራበት ሰው ጭምር ሲመለስለት እንደ ሆነ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የተጻፈው ዕውቀት ግን በሌላ መንገድ ወደ ሠራተኛው ተመለሰ። በ1914 በኒው ዮርክ የታተመው የመካኒኮች መማክርት መጽሐፍ፣ ማሺነሪስ ሃንድቡክ የተባለው፣ ቀመሮችንና ሠንጠረዦችን በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ በየሥራ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬም ድረስ እየታደሰ ይታተማል። በ1920ዎቹ መጨረሻ የጀርመኑ የብረት ኩባንያ ክሩፕ ካርባይድን ቪዲያ በሚል ስም ለገበያ አቀረበ፤ ይህ መቁረጫ ሃይስፒድ ስቲል በማይደፍረው ሙቀት ስለሚሠራ ፍጥነቱ ብዙ እጥፍ አደገ፣ ሠንጠረዦቹም ሁሉ እንደ ገና መጻፍ ነበረባቸው። በዚያ ዘመን በሊትልተን ኮልማን የተባለው ኩባንያ በአራቱም ጎማዎቹ የሚጎተት የጭነት መኪና ይሠራ ነበር፤ ወፍጮና መሰርሰሪያ ያስለመዱት የብረት ሙያ በከተማይቱ አልተቋረጠም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በሚሺጋን የሚኖር ጆን ፓርሰንስ የተባለ የፋብሪካ ኃላፊ የሄሊኮፕተር ክንፍ መለኪያ ቅርጾችን ሲሠራ፣ በጠማማው መስመር ላይ ያሉትን ነጥቦች በቀዳዳ ካርድ የሒሳብ መኪና አሳስቦ፣ ፍሬዛው ከነጥብ ወደ ነጥብ በቁጥር እንዲመራ አሰበ። በ1949 የአሜሪካ አየር ኃይል ለዚህ ሐሳብ ገንዘብ ሰጠ፤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲቲዩት ሊቃውንትም ሥራውን ተቀብለው፣ በ1952 መስከረም ወር በወረቀት ጥብጣብ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች የሚመራ፣ በሦስት አቅጣጫ በአንድነት የሚንቀሳቀስ ፍሬዛ ለሕዝብ አሳዩ። በዚያው ኢንስቲቲዩት ዳግላስ ሮስና ባልደረቦቹ ኤፒቲ የተባለውን መኪናን በቃል የማዘዣ ቋንቋ አዘጋጁ፤ በ1959 ለጋዜጠኞች ሲያሳዩትም በዚሁ ቋንቋ ታዝዞ የተቆረጠ የሲጋራ መተርኮሻ በስጦታ አደሏቸው።

በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የሊትልተን ዕጣ ፈንታም ተለወጠ። በ1955 መጨረሻ አየር ኃይሉ ታይታን የተባለውን አህጉር ተሻጋሪ ሮኬት እንዲሠራ ለማርቲን ኩባንያ ውል ሰጠ፤ ኩባንያውም ከሊትልተን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ተራሮቹ ከሚጀምሩበት ከዋተርተን አፋፍ ሰፊ መሬት ይዞ በ1956 ፋብሪካውን መሥራት ጀመረ። ከዚያ በፊት ጥቂት ሺሕ ሰው ይኖርባት የነበረችው ከተማ በመሐንዲሶችና በብረት ሠራተኞች ተጥለቀለቀች። የመጀመሪያው ታይታን የካቲት 6 ቀን 1959 ተወነጨፈ፤ ታይታን ሁለት የተባለው ተከታዩም በ1965 እና በ1966 ጀሚኒ የተባለውን የጠፈር መርሐ ግብር ጠፈርተኞች ዐሥር ጊዜ ወደ ምህዋር አወጣ። በ1976 በማርስ ላይ ያረፉት ቫይኪንግ የተባሉት ሁለት የጠፈር መንኰራኵሮች የተሠሩት ከማርቲን በተወለደው በማርቲን ማሪየታ በዚሁ በዴንቨር አካባቢ ፋብሪካ ነው። ኩባንያው በ1995 ከሎክሂድ ጋር ከተዋሐደ በኋላም፣ ከቤኑ ትንሽ ፕላኔት አፈር ቀድቶ በ2023 ወደ ምድር የመለሰው ኦሳይሪስ ሬክስ የተባለው የጠፈር መንኰራኵር ከዚያው ስፍራ ወጣ። በዙሪያውም ጥቂት ሠራተኞችና ጥቂት መኪኖች ይዘው ከአሉሚኒየምና ከቲታኒየም ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ለትልልቅ ፋብሪካዎች የሚያዘጋጁ የፍሬዛ ቤቶች በዴንቨር ደቡብ በየሰፈሩ ተተከሉ።

በቁጥር የሚመራው ፍሬዛ በመጣ ጊዜ የፍጥነትና የፊድ ሐሳብ ትርጉሙ ተለወጠ። እጁ በመንኰራኵሩ ላይ የነበረ ባለሙያ ቢሳሳት በመካከል ያርም ነበር፤ ጆሮው ሲነግረው ያዘገያል፣ ዐይኑ ሲያስጠነቅቀው ያቆማል። በጥብጣብ፣ ኋላም በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ፍሬዛ ግን የታዘዘውን ሁሉ ሳይጠራጠር ይፈጽማል፤ ስለዚህ ባለሙያው ቀድሞ በመቁረጥ ላይ ሳለ ይፈርደው የነበረውን ፍርድ አሁን መቁረጡ ሳይጀመር መፍረድ ግድ ሆነበት። ትእዛዙ ሲጻፍ የዙሩ ቁጥር በኤስ፣ ፊዱም በኤፍ ፊደል ይገለጻል፤ ከእነዚህ ሁለት ፊደላት ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ቢሳሳት፣ ብዙ ሰዓት የተለፋበትና ዋጋው የከበደ ቁርጥራጭ በአንድ ቅጽበት ይበላሻል። የአሜሪካ መንግሥት በ1960ዎቹ በሲንሲናቲ የመቁረጥ መረጃ ማዕከል አቁሞ፣ ከየፋብሪካው የተሰበሰበውን ፍጥነትና ፊድ በየብረቱ ዓይነት እየለየ በትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ቁጥሩ በብረቱ ባሕርይ እንዴት እንደሚለያይ አንድ ምሳሌ ይበቃል። 12 ሚሊሜትር የሆነ ሦስት ጥርስ ያለው የካርባይድ መቁረጫ አሉሚኒየምን በደቂቃ 300 ሜትር ሲቆርጥ ዙሩ ወደ 7,960 ይደርሳል፣ ጥርሱ 0.08 ሚሊሜትር ሲወስድም ፊዱ በደቂቃ 1,910 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ያው ስፋት ያለው መቁረጫ ቲታኒየምን ሲቆርጥ ግን ፍጥነቱ ወደ 50 ሜትር፣ ዙሩም ወደ 1,326 ይወርዳል። ምክንያቱም አሉሚኒየም ሙቀትን ቶሎ ሲያሳልፍ፣ ቲታኒየም ግን ሙቀቱን በሚገባ ስለማያስተላልፍ እሳቱ በአብዛኛው በስለቱ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ይህም ብቻ አይደለም፤ መቁረጫው ከዲያሜትሩ አንድ ዐሥረኛውን ብቻ በብረቱ ውስጥ አስገብቶ በጎኑ ሲቆርጥ፣ የፍቅፋቂው ትክክለኛ ውፍረት በሒሳቡ ከታሰበው 60 በመቶ ብቻ ስለሚሆን፣ አዋቂ ሠራተኛ ያንን ጉድለት ለማካካስ ፊዱን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን የማያውቀው ግን ፍቅፋቂውን በማሳሳቱ መቁረጫውን ያሽዋል። የመቁረጫው ርዝመት፣ የመኪናው ጽናት፣ የብረቱ አያያዝ በሠንጠረዥ ውስጥ ስለማይገባ፣ ከመጽሐፍ የተወሰደ ቁጥር ሁሉ የፍተሻ መጀመሪያ ነው እንጂ የፍተሻ መጨረሻ አይደለም። የደጋው አየር እንኳ ድርሻ አለው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበት የሚሰላው ዘወትር እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ስፍራ ነውና፣ እንደ ሊትልተንና ከእርሷም አልፋ እንደ ወጣችው አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የሳሳው አየር ሞተሩን በሚገባ ስለማያቀዘቅዘው፣ ከመኪናው ሙሉ ጉልበት መጠበቅ አይገባም።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሚነግረን ምንድር ነው? አገራችን ለእጅ ሠራተኛ ስታደርገው የኖረው ንቀት ሥራውን በሥውር እንዲኖር አድርጎት ነበር፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰውን በሙያው ምክንያት መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ይህ ንቀት መንግሥትን የሚጎዳ መሆኑን ተረድተው ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተመሠረተ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሠራተኞችን አፍርተዋል፤ ነገር ግን ሠራተኞቻችን ዘወትር የሚቆርጡት ብረት በባዕድ ሠንጠረዥ ላይ ስሙ የተጻፈው አይደለም፤ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ፣ ከተጣለ ዘንግ፣ ዓይነቱ ካልታወቀ ቁርጥራጭ የሚሠሩ ናቸውና፣ ለእነዚህ የሚሆነው ፍጥነትና ፊድ በየሥራ ቤቱ ባለሙያ ራስ ውስጥ አለ፤ አልተጻፈም። እንደ ቀድሞው የሊትልተን ብረት ቆራጮች ሁሉ፣ የእኛም ባለሙያ ሲያርፍ ዕውቀቱ አብሮት ያርፋል።

በባሕረ ሐሳብ አበቅቴንና መጥቅዕን እያሰሉ በዓላትና አጽዋማትን ለዘመናት ሲለዩ የኖሩ አባቶች ልጆች ነንና፣ ቁጥርን መመዝገብና ማውረስ የእንግዳ ሥራ አይሆንብንም። የቴይለርን ሥራ ዘመናት ያሳለፈው ከሙከራው ብዛት በላይ መዝገቡ ነው፤ የፓርሰንስን ፍሬዛ ያንቀሳቀሰውም ኤሌክትሪክ ከመሆኑ በፊት የተጻፈ ቁጥር ነበር። ስለዚህ በኮሎራዶ ፍሬዛ ቤቶች ውስጥ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የምታስተምሩ መምህራን፣ በየሰፈሩ ቶርኖና ፍሬዛ የያዛችሁ ባለሙያዎች ሁሉ፣ የቆረጣችሁትን ብረት፣ የመቁረጫውን ዓይነትና ዲያሜትር፣ የዙሩን ብዛት፣ ፊዱንና የወጣውን ገጽታ በዕለቱ መዝግቡ፤ የመዘገባችሁትንም በአማርኛ ጽፋችሁ ለተከታያችሁ አስረክቡ። ዕውቀታችሁ የእናንተ ነው፤ እንዲኖር ግን በመጽሐፍ ላይ መስፈር አለበት።